«ይንቀጠቀጣል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ በኦሎምፒያ ጋራዦች ስለ ሀይብሪድ አውቶሞቢል አመራመር የቀረበ ትችት

ኦሎምፒያ ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው በአፍሪካ ጎዳና ላይ ወሎ ሰፈር ሳይደረስ የሚገኝ ሰፈር መሆኑን አንባቢያችን ያውቃል። ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገብቶ በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ግን አንድ ቃል ደጋግሞ ይሰማል፤ ይኸውም «ይንቀጠቀጣል» የሚለው ነው። ባለ አውቶሞቢሉ «ይንቀጠቀጣል» ይላል፤ መካኒኩም «አዎን፣ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ይቀበላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የትኛው ዕቃ ይለወጥ የሚለው ክርክር ብቻ ነው። እኛም ጥቂት የምሕንድስና ተማሪዎች ባለፈው ክረምት በዚሁ ሰፈር እየተመላለስን የሀይብሪድ አውቶሞቢሎች መንቀጥቀጥ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚጠገን ስንመለከት ቆየን። ያየነውን መዝግበን ብቻ ከማለፍ ይልቅ በትችት መልክ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ማቅረቡ የሚጠቅም መስሎናል።

ትችታችን በአሠራሩ ላይ እንጂ በሰዎቹ ላይ አይደለም። ከኦሎምፒያ መካኒኮች መካከል ጆሯቸውና እጃቸው ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ መኖራቸውን በዓይናችን አይተናል። ነገር ግን የተለመደው አሠራር «የትኛው ዕቃ ተበላሸ?» ከሚለው ጥያቄ ይነሣል እንጂ «መቼ ይንቀጠቀጣል?» ከሚለው አይነሣም። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ለማናቸውም አውቶሞቢል ጠቃሚ ነው፤ ለሀይብሪድ ግን ከሁሉ የበለጠ ርካሽና እውነተኛ መርማሪ ነው ብለን እናምናለን። እርሱን መዝለል በባለቤቱ ላይ የገንዘብ ጉዳት፣ አንዳንድ ጊዜም የሞተሩን ፍጹም መጥፋት ያስከትላል።

ጉዳዩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያትም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ተገልግሎባቸው በሚገቡ አውቶሞቢሎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በስተቀር ሌላው ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ ቀድሞ የገባው ሀይብሪድ በቀላሉ የሚተካ ዕቃ አይደለምና በጥገና መኖር አለበት። በጥገና የሚኖር ነገር ደግሞ በግምት ሊጠገን አይገባውም።

፩. ስለ ቃሉ

በመጀመሪያ የምንነቅፈው ቋንቋችንን ሳይሆን የቋንቋችንን አጠቃቀም ነው። አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። አንድ ነገር ይነዝራል፣ ይርገፈገፋል፣ ይወዛወዛል፣ ያንገጫግጫል፣ ይመታል፣ ኳ ይላል እንላለን፤ እያንዳንዱም ቃል የተለየ እንቅስቃሴ ያመለክታል። በጋራዡ በር ላይ ግን ይህ ሁሉ ሀብት ተጥሎ ሁሉም «መንቀጥቀጥ» ይባላል። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሚያገኝ መገመት አያስቸግርም፤ አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለታቸውም ለዚህ ነው።

እኛ ባየነው መጠን ቃላቱን እንደሚከተለው ለይቶ መጠቀም ይቻላል። በፍጥነት ሲነዳ በመሪው ወይም በወንበሩ የሚሰማው ቀጭንና ተከታታይ እንቅስቃሴ መንዘር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ሚዛን ይመጣል። ሞተሩ ሲሠራ ብርድ እንደያዘው ሰው መላ አካላቱን የሚያናውጠው መርገፍገፍ ነው፤ ይህ ከሲሊንደሮቹ አንዱ በደንብ አለመቀጣጠሉን ይጠቁማል። በዝግታ ሲሄድ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው መወዛወዝ ነው፤ ከተጣመመ ቸርኬ ወይም ውስጡ ከተበጠሰ ጎማ ይነሣል። ፍሬን ሲያዝ በእግር ሥር የሚሰማው መምታት ነው። ሞተሩ ሲነሣ ወይም ሲጠፋ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማው ደግሞ ኳ ማለት ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚያንገጫግጨው ሁሉ ግን ብልሽት አይደለም፤ መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው። ከእነዚህ ቃላት አንዱን በትክክል የተናገረ ባለቤት የምርመራውን እኩሌታ ፈጽሞታል ብንል ማጋነን አይሆንም።

፪. አውቶሞቢሉ ራሱ ስለሚሰጠው ምስክርነት

ሀይብሪድ፣ ማለት ድቅል አውቶሞቢል፣ በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከእነዚህ መካከል በስፋት የታወቀው ቶዮታ ፕሪየስ በጃፓን አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. ነው። በውስጡ ኃይል የሚከፋፍል የጥርስ ስብስብ አለ፤ መካከለኛው ጥርስ 30፣ ዙሪያውን የከበበው ቀለበት 78 ጥርሶች አሉት። የቤንዚኑ ሞተር በሁለቱ መካከል ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች የተሸከመውን ክፍል ያዞራል። ከዚህም የተነሣ የሞተሩ ጉልበት 72 በመቶው ወደ ጎማዎቹ ሲሄድ 28 በመቶው አንደኛውን የኤሌክትሪክ ሞተር ያዞራል። ይኸው የኤሌክትሪክ ሞተር የቤንዚኑን ሞተር የሚያስነሣውም ነው።

ለእኛ ጉዳይ ከዚህ አሠራር የሚፈለገው አንድ ነገር ነው። አውቶሞቢሉ የቤንዚኑ ሞተር ጸጥ ብሎ ሳለ መሄድ ይችላል፤ ቆሞም ሳለ ሞተሩ ሊሠራ ይችላል። በሌላው አውቶሞቢል መካኒኩ በብዙ ድካም የሚለያቸውን ሁለት ነገሮች፣ ማለት ሞተሩንና ጎማዎቹን፣ ሀይብሪዱ በየደቂቃው ራሱ ይለያቸዋል። ሞተሩ ጠፍቶ እየሄደ የሚነዝር ከሆነ ሞተሩ ከክሱ ነጻ ነው። ቆሞ ሳለ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ የሚርገፈገፍ ከሆነ ደግሞ ጎማዎቹ ነጻ ናቸው። ይህን ያህል ግልጽ ምስክር ፊቱ ቆሞ ሳለ ምስክሩን ሳይጠይቅ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ ምን ይባላል?

ይህ ምስክርነት ግን ወሰን አለው። በሆንዳ የቀድሞ ሀይብሪዶች የኤሌክትሪኩ ሞተር ከቤንዚኑ ሞተር ዘንግ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለ ሆነ አውቶሞቢሉ ሲሄድ ሞተሩም አብሮ ይዞራል። በፕሪየስም ቢሆን ፍጥነቱ በግምት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ሞተሩ ቤንዚን ባይቃጠልበትም መዞሩ አይቀርም። ስለዚህ ፍርዱን ለመስጠት የሚመቸው በዝቅተኛ ፍጥነት ነው።

፫. አንድ ምሳሌ

ተሳፋሪ በማመላለስ የሚተዳደር አንድ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የተሠራ ፕሪየስ ነበረው። አውቶሞቢሉ ጠዋት ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ክፉኛ ይርገፈገፍና ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሰላም ይውላል። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ጋራዥ «ባትሪው ደክሟል» አለውና ተገልግሎበት የነበረ ባትሪ ገዝቶ አስገባ። ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው ጋራዥ ካንዴላዎቹንና ኮይሎቹን ለወጠለት፤ ለጥቂት ቀናት የተሻለ መስሎ ታየና ተመለሰ። ሦስተኛው የሞተሩን ሱፖርት ከሶማሌ ተራ አስመጥቶ ገጠመለት። በሦስቱም ቦታ የተጠየቀው «ምን ሆነ?» ተብሎ ነበር እንጂ «መቼ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በመጨረሻ በኦሎምፒያ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ዘንድ ደረሰ። እኛም እዚያው ነበርንና የተነጋገሩትን ጻፍነው።

«ልጄ፣ የሚርገፈገፍብህ መቼ ነው?»

«ጠዋት ነው ጋሼ፤ ካደረ በኋላ።»

«ቀን አቁመኸው ስትነሣስ?»

«ኧረ ቀን ምንም የለውም።»

«የራዲያተር ውሃ ትጨምርበታለህ?»

«በሳምንት አንዴ ትንሽ ይጎድልና እጨምራለሁ። ግን የሚፈስ የለውም ጋሼ፤ ሥሩ ደረቅ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «እንግዲያ ውሃው ወዴት ሄደ?» አሉት።

በአራት ጥያቄ ያለቀው ይህ ምርመራ በማግስቱ ጠዋት ተረጋገጠ። ማታ የውሃው ዝውውር በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጥቶት አደረ፤ ጠዋት ካንዴላዎቹ ተፈትተው በቀጭን ካሜራ ሲታይ ከሲሊንደሮቹ በአንደኛው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ተገኘ። ሌሊት እየሰረገ የሚገባው ውሃ ጠዋት ያንን ሲሊንደር እንዳይቀጣጠል ያደርገዋል፤ ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ውሃው በእንፋሎት መልክ ይወጣና ሁሉም ሰላም ይሆናል። የተበላሸው በቴስታታውና በሲሊንደሩ ብሎክ መካከል ያለው ጋስኬት ነበር። የተለወጡት ዕቃዎች ሁሉ ጥፋት አልነበረባቸውም።

፬. ስለ ሦስቱ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ስሕተት ሁሉን በባትሪ ማመካኘት ነው። ሀይብሪድ ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው ባትሪውን ስለ ሆነ ማናቸውም ሕመም ወደ እርሱ ይጠጋል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውስጥ ያለው ባትሪ 28 ክፍሎች ተደርድረው 201.6 ቮልት የሚሰጡበት ሣጥን ነው፤ ከማቀዝቀዣው አድናቂ በስተቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለበትም። የማይንቀሳቀስ ነገር ራሱ አያርገፈግፍም። ሆኖም የሐሳቡ ምንጭ ፈጽሞ ባዶ አይደለም። ባትሪው ሲደክም የቤንዚኑ ሞተር ቶሎ ቶሎ መነሣትና መጥፋት ይጀምራል፤ የላላ ሱፖርት ወይም ሌላ ጉድለት ካለ በቀን አሥር ጊዜ ይሰማ የነበረው መቶ ጊዜ ይሰማል። ባትሪው የመንቀጥቀጡን ጊዜያት ያበዛል እንጂ መንቀጥቀጡን አይወልደውም። ይህን ልዩነት ያላስተዋለ ሰው በአውቶሞቢሉ ውስጥ እጅግ ውድ የሆነውን ዕቃ በከንቱ ይለውጣል።

ሁለተኛው ስሕተት የኮድ ማንበቢያውን መሣሪያ እንደ ነቢይ መቁጠር ነው። መሣሪያው ፒ 0301 ብሎ ቢያሳይ የሚናገረው አንደኛው ሲሊንደር በደንብ አለመቀጣጠሉን ብቻ ነው፤ ፒ 0302 ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያለ እስከ አራተኛው ይደርሳል። ለምን አልተቀጣጠለም ለሚለው ግን መልስ የለውም። ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ወይም እንደ ወጣቱ አውቶሞቢል የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። ኮዱን አይቶ ኮይል መግዛት በር ተንኳኳ ብሎ ማን እንደ መጣ ሳያዩ እንደ መሳደብ ነው። ከዚህም በላይ ጎማ ሲነዝር፣ ቸርኬ ሲጣመም፣ የፍሬን ዲስክ ሲያብጥ መሣሪያው ምንም አይናገርም። ኮድ ስለ ሌለ ብልሽት የለም ሲባል የሰማነው ከአንድ ጊዜ በላይ ነው።

ሦስተኛው ስሕተት የእኛ የተማሪዎቹ ነው፤ ሌላውን ስንነቅፍ ራሳችንን ማለፍ አይገባንም። በእጅ ስልክ ውስጥ እንቅስቃሴን የሚለካ መሣሪያ ስላለ አውቶሞቢሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ መቁጠር ይቻላል። እኛም ይህን ይዘን በኩራት ወደ ጋራዥ ገባን። አንድ ፕሪየስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ 8 ጊዜ ያህል መንቀጥቀጡን አገኘን። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር አንደኛው ሲሊንደር ካልተቀጣጠለ ጉድለቱ በየሁለት ዙሩ አንዴ፣ ማለት በሰከንድ 8.3 ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ «ሞተሩ ነው» ብለን ፈረድን። የዘነጋነው ግን ይህ ነው፤ 195/65 በ15 የሆነው የዚያ አውቶሞቢል ጎማ በአንድ ዙር 2 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ደግሞ በሰከንድ 16.7 ሜትር ነውና ጎማውም በሰከንድ 8.3 ጊዜ ይዞራል። ሁለት ልዩ ልዩ ምክንያቶች አንድ ቁጥር ሰጡን። ያው መካኒክ «እስቲ ፍጥነቱን ቀንሱት» አሉን። ወደ 45 ኪሎ ሜትር ስንቀንስ ቁጥሩ ወደ 6 ገደማ ወረደ፤ ጎማውን ተከተለ ማለት ነው። በእውነትም ከፊት ጎማዎች በአንደኛው ውስጥ የነበረው የሽቦ መቀነት ተበጥሶ ጎማው አብጦ ነበር። ቁጥር ያለ ሁኔታው ዋጋ እንደሌለው ከዚህ ተማርን።

፭. ሊከተሉት የሚገባ የምርመራ ቅደም ተከተል

ነቀፋ ብቻ አቅርቦ መሄድ ቀላል ስለ ሆነ የሚሻለውን መንገድ ማሳየት ግዴታችን ነው። የምናቀርበው ቅደም ተከተል ከርካሹ ወደ ውዱ፣ ከቆመው ወደሚሄደው የሚሸጋገር ነው።

በመጀመሪያ አውቶሞቢሉ ቆሞ ሳለ ይታያል። የሀይብሪድ ሞተር መካኒኩ ጆሮውን ሳይሰጥ ስለሚጠፋ ብዙዎች በዚህ ይቸገራሉ። ሆኖም ፕሪየስ ለዚህ የተዘጋጀ የጥገና አሠራር አለው። መኪናው ሞተሩ ሳይነሣ በርቶ፣ በፒ ላይ የቤንዚን ፔዳሉ ሁለት ጊዜ እስከ መጨረሻው ይረገጣል፤ በኤን ላይ ሁለት ጊዜ፣ እንደገና በፒ ሁለት ጊዜ ይረገጣል፤ ከዚያ ፍሬን ተይዞ ይነሣል። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ መፈጸም አለበት። ሞተሩ በዚህ ጊዜ በደቂቃ 1000 ያህል እየዞረ ሳይጠፋ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ግን አውቶሞቢሉን መንዳት አይገባም፤ ካምቢዮውን ይጎዳል። ሞተሩ እየሠራ ከተርገፈገፈ ወደ ማቀጣጠሉና ወደ ውሃው ይኬዳል። ሞተሩ በራሱ ረጋ ብሎ ወለሉ ከነዘረ ሱፖርቶቹ ይታያሉ። ሲነሣና ሲጠፋ ብቻ ኳ የሚል ከሆነ ሱፖርቱ ወይም በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ባለ ሞላ ድንጋጤ ማብረጃ ተጠርጣሪ ነው። ማብረጃውን ለመለወጥ ካምቢዮውን ማውረድ ስለሚያስፈልግ ሌላው ሁሉ ሳይመረመር ወደ እርሱ መሄድ አይገባም።

ቀጥሎ በዝግታ ይነዳል፤ ለዚህ የኦሎምፒያ የውስጥ መንገዶች ይበቃሉ። ሞተሩ ጠፍቶ በኤሌክትሪክ ብቻ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የሚወዛወዝ ከሆነ ቸርኬና ጎማ ይፈተሻሉ። ጋቢናው ጸጥ ስለሚል በሌላ አውቶሞቢል የማይሰማው የተበላ ኩሽኔታ ጉርምርምታ እንኳ እዚህ ይሰማል።

ሦስተኛው በፍጥነት መንዳት ነው። የጎማ ሚዛን ጉድለት ጎልቶ የሚሰማው ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን በከተማ መካከል ይህን መሞከር ሕገ ወጥና አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። በመሪው ላይ ከነዘረ የፊት ጎማዎች፣ በወንበሩ ላይ ከነዘረ የኋላዎቹ ይታያሉ። ነገር ግን ወደ ሚዛን ማስያዣ ከመሄድ በፊት ጎማው ወልቆ የቸርኬው ውስጥ ይታጠብ። ከክረምት በኋላ በቸርኬ ውስጥ ደርቆ የሚቀር አንድ ጭብጥ ጭቃ ሚዛኑን ለማፋለስ ይበቃል፤ መድኃኒቱም አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ጎሚስታው ቡሎኖቹን በቧንቧ አርዝሞ በእግሩ እየረገጠ ማጥበቁንም መተው አለበት፤ ለፕሪየስ የተወሰነው 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ በተቃራኒ ይጠበቃል።

አራተኛው ጉልበት ሲሰጥ የሚነሣው ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚንቀጠቀጥ፣ እግር ሲነሣ የሚተው ከሆነ ከካምቢዮ ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የውስጥ መጋጠሚያው ተበልቷል። የኤሌክትሪኩ ሞተር ገና ከመነሻው ብርቱ ጉልበት ስለሚሰጥ ይህ ጉድለት የቤንዚኑ ሞተር ጠፍቶም ይሰማል፤ ሰዎችም በስሕተት «የኤሌክትሪክ ሞተሩ ተቃጠለ» ይላሉ።

አምስተኛው ፍሬን ሲያዝ የሚመታው ነው። ሀይብሪድ ቀስ ብሎ ሲያቆም በመጀመሪያ የሚይዘው የኤሌክትሪኩ ሞተር ስለ ሆነ ዲስኮቹ ብዙ አይሠሩም፤ በክረምትም ወጣ ገባ ሆነው ይዝጋሉ። ባዶ በሆነ ቦታ በዝቅተኛ ፍጥነት ማርሹን ኤን ላይ አድርጎ ፍሬን ቢያዝ የኤሌክትሪኩ መያዝ ይቀርና ዲስኩ ብቻውን ይሠራል። ያን ጊዜ ከመታ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፤ ይላጋል ወይም ይለወጣል።

በዚህ ሁሉ መካከል መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ብርቱካንማ ቀለም ያለውን ሽቦ ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውስጥ ኃይሉ እስከ 650 ቮልት ይደርሳል፤ የባትሪው መቁረጫ መሰኪያ ከወጣ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል።

፮. ስለ ውሃውና ስለ ጋስኬቱ

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ስለ ሆነ ጥቂት እናስፋው። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. የመጣው ሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ 1.8 ሊትር ሞተር አለው። ይህ ሞተር ከሚያወጣው ጭስ ከፊሉን አቀዝቅዞ ወደ ውስጥ ይመልሳል። ጭሱ የሚያልፍበት ማቀዝቀዣና ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያስገቡት ጠባብ ቀዳዳዎች በጊዜ ብዛት በጥላሸት ይደፈናሉ። ያን ጊዜ ለሲሊንደሮቹ የሚደርሰው ጭስ እኩል መሆኑ ይቀርና አንዳንዶቹ ከሚገባቸው በላይ ይሞቃሉ፤ ብዙ ጠጋኞች ለጋስኬቱ መበላት ዋና ምክንያት የሚያደርጉት ይህንን ነው።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ ክዳን የሌለው ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሩ የሚሠራበት ሙቀት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ስለያዘለት ነው። ክዳኑ የላላ፣ ውስጡም በኩላንት ፈንታ የቧንቧ ውሃ የተሞላ አውቶሞቢል በሰልፍ መካከል ለአደጋ ቅርብ ነው። «ትንሽ እየጨመርኩ እነዳዋለሁ» የሚለው ልማድ የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው።

ጉዳቱ እዚህ ላይ አያበቃም። ውሃ እንደ አየር አይጨመቅም። ሌሊት የሰረገው ውሃ አንድ ቀን ከወትሮው በዝቶ ከተጠራቀመ፣ ጠዋት ፒስተኑ ወደ ላይ ሲገፋው ውሃው አይበገርምና ቢየላው ይጣመማል። ያን ጊዜ በጋስኬት ዋጋ ይድን የነበረው ሞተር በሙሉ ይጠፋል። ያ ወጣት በሦስት ጋራዦች ሲመላለስ ከገንዘቡ ሌላ በየጠዋቱ ሞተሩን በዕጣ ላይ ይጥል ነበር።

ጥገናውም ግማሽ ሊሆን አይገባውም። ጋስኬቱ ብቻ ተለውጦ ጥላሸቱ ካልተጠረገ ምክንያቱ በቦታው ስለ ቀረ ሕመሙ ይመለሳል። ቴስታታው ወልቆ ሜዳነቱ በቀጥታ ማስመሪያ ይለካ፤ ከጎበጠ ይላግ። የጭሱ ማቀዝቀዣና የአየር ማስገቢያው ቀዳዳዎች ይጽዱ። በመጨረሻም ክዳኑ ይፈተሽና ትክክለኛው ኩላንት ይሞላ። ያረጁት ሽማግሌ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

፯. ልማዱ ለምን ጸና?

መካኒኮቹ ይህን ሁሉ ሳያውቁ ቀርተው ነውን? አይመስለንም። ምክንያቱ በይበልጥ የገንዘብ ነው። በጋራዦቻችን የሚከፈለው ዕቃ ለመለወጥ እንጂ ለመመርመር አይደለም። አንድ መካኒክ ሁለት ሰዓት ጠይቆ፣ ነድቶ፣ አዳምጦ «ጎማህን እጠበው» ቢል የሚከፍለው የለም፤ ኮይል ቢገጥም ግን የእጅ ዋጋ ያገኛል። ሐቀኛውን የሚያስርብ፣ ገማቹን የሚያበላ ልማድ በምክር ብቻ አይለወጥም። ባለቤቱም ቢሆን አንድ ቀን አውቶሞቢሉ ከቆመ የዕለት ገቢው ስለሚቀር «ቶሎ በሉ» ማለቱ አይፈረድበትም። ነገር ግን በአንድ ቀን ምርመራ የሚሸሽ ሰው በሦስት ጋራዥ ስንት ቀን እንደሚያቆም ከላይ አይተናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ምርመራ ራሱን የቻለ ሥራ ተብሎ ዋጋ ይቆረጥለት፤ ባለቤቱም ዕቃ ሳይለወጥ ስለ ከፈለ እንደ ተታለለ አይቁጠረው። ሁለተኛ፣ በየጋራዡ በር ላይ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ወረቀት ይኑር፤ ጠዋት ነው ቀን? ቆሞ ነው ሲሄድ? በስንት ፍጥነት? ሞተሩ ጠፍቶም ይኖራል? ፍሬን ሲያዝ? ውሃ ይጎድላል? የሚሉትን ጥያቄዎች ብቻ የያዘ ይሁን። ሦስተኛው ለእኛ ለተማሪዎቹና ለመምህራኖቻችን ነው። ስለ መንቀጥቀጥ በክፍል የምንማረው ስሌት መልካም ነው፤ ነገር ግን ስሌቱን ከኦሎምፒያ ጋራዥ ወለል ጋር የሚያገናኝ የሥራ ልምምድና የተስማማንበት የአማርኛ ቃል ያስፈልገናል። በሰከንድ 8.3 ብለን የተሳሳትነው እኛ ነን፤ ያረሙን ደግሞ «ፍጥነቱን ቀንሱት» ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከእርሳቸው የምንማረውን ለመማር ካፈርን ለእርሳቸው የምናስተምረው ነገር መኖሩም ያጠራጥራል።

ወጣቱ አሽከርካሪ ዛሬ ሥራው ላይ ነው። በመጨረሻ ባየነው ጊዜ አውቶሞቢሉ እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ደህና ነው፤ አንዳንዴ ግን ይነዝራል» አለን። «መቼ?» አልነው። ሳቀና «ወደ አዳማ ስሄድ፣ ከ90 በላይ፣ በመሪው ላይ ብቻ» ብሎ መለሰ። ወደ ጎሚስታ ላክነው።